ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበቱ ላይ አፓርታማ ልከራይ ነው፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

ቤት ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከታክሲ መጨረሻው አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ጂ+4 ሕንፃ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት እያየን ነው። አራት ነን፤ አንዷ እናቴ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ሕንፃው ተዳፋት ላይ ስለተሠራ መግቢያው በላይኛው መንገድ በኩል ነው። አከራዩ ያሉት ባዶ ቤቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ከመግቢያው አንድ ፎቅ ወደ ታች ሲሆን የጀርባ ግድግዳው ኮረብታው ላይ የተደገፈ ነው። ሌላው ሦስት ፎቅ ወደ ላይ፣ የመጨረሻው ነው። የታችኛው በወር 4,000 ብር ይረክሳል። ጣሪያው ላይ 5,000 ሊትር ሮቶ አለ፣ ለ8 አባወራ። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሦስት ወር ተጠይቀናል፤ ደላላው ደግሞ እስከ ቅዳሜ ወስኑ እያለ ነው። አካባቢውንም ሙያውንም የምታውቁ፣ ምን ብናይ ነው የማይቆጨን?

የቧንቧ ሰው፦

እህቴ፣ ዳገት ላይ ቤት ስትከራዪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃው ነው፤ የዋጋው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሒሳቡን ልሥራልሽ። 5,000 ሊትር ለ8 ሲካፈል 625 ሊትር ነው። አንድ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ምግብ ተሠርቶለት፣ ሽንት ቤት ተጠቅሞ በቁጠባ 50 ሊትር ያህል ይፈጃል። አራት ሰው በቀን 200 ሊትር ማለት ነው፤ ስለዚህ የእናንተ ድርሻ ሦስት ቀን ብቻ ያደርሳችኋል። የውሃው ፈረቃ በየአራት ቀኑ ከሆነ በየዙሩ አንድ ቀን ደረቅ ነው። አንዱ ጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለው ደግሞ ሦስቱም ቀን አይሞላም።

ፈረቃውን ከአከራዩ አትጠይቂ። በር ላይ ያለውን ጥበቃና ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ ጠይቂ፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? ሲመጣስ ስንት ሰዓት ይቆያል? ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያገኘው ታች ያለው ሕዝብ ቧንቧውን ዘግቶ ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የቤቶቹ በር ሥር የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን ካየሽ መልሱን አግኝተሻል።

ቀጥሎ ሮቶው እንዴት እንደሚሞላ እይ። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት 1 ባር ግፊት ያልቃል። ከመንገዱ መስመር እስከ ጣሪያው ሮቶ 12 ሜትር ያህል ካለ፣ መስመሩ ከ1 ባር በላይ ካልያዘ ጠብታም አይወጣም። ዳገት ላይ ደግሞ ይህ ግፊት በቀን አይገኝም። ስለዚህ ሕንፃው መሬት ላይ ሌላ ማጠራቀሚያ ታንከር ሊኖረው ይገባል፤ ለ8 አባወራ ከ10,000 ሊትር ባያንስ ጥሩ ነው። ከመንገዱ የመጣው በራሱ ጊዜ እዚያ ይገባል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያ ይገፋዋል። ተራ ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ በዚህ ከፍታ በደቂቃ ከ30 እስከ 50 ሊትር ስለሚያወጣ ሮቶውን ለመሙላት ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል ማለት ነውና የታንከሩ መጠን ቀላል ነገር አይደለም።

ፓምፑ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር የሚስብ ሆኖ ካገኘሽው ያ ቤት ይቅርብሽ። የጎረቤትን ውሃ መሻማት ነው፤ ከዚያም በላይ መስመሩ ባዶ ሲሆን የተሰነጠቀ ቧንቧ ዙሪያ ያለውን ቆሻሻ ስቦ ያስገባል። ቧንቧው ከቦይ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ይህ በሽታ ያመጣል።

ቤቱ ውስጥ ስትገቢ 10 ሊትር ባልዲና ሰዓት ይዘሽ ግቢ። የገላ መታጠቢያውን ክፈቺና ባልዲው እስኪሞላ ቁጠሪ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ደካማ ነው። ከዚያ ኩሽናውንም አብረሽ ከፍተሽ ድገሚው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ በተለይ ይህን ሳታደርጊ አትመለሺ። ሮቶው ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ፈጣን የሻወር ማሞቂያዎች በዚህ አይነሱም ወይም እየተነሱ ይጠፋሉ። ሰው "ማሞቂያው ተበላሸ" ብሎ ሦስት ጊዜ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የግፊቱ ነው። ታች ያለው ቤት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሮቶው ከእሱ 12 ሜትር በላይ ስለሆነ ከ1 ባር በላይ ያገኛል።

የውሃ ቦቴ እጠራለሁ ብለሽ አትተማመኚ። የተጫነ ትልቅ ቦቴ ያንን የኮብልስቶን ዳገት፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው፣ አይወጣም።

ግንበኛው፦

የቧንቧው ወንድሜ የመጣውን ውሃ ተናግሯል፤ እኔ ከኮረብታው የሚወርደውን ልጨምር። በሐምሌና በነሐሴ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በመንገዱ ብቻ አይሄድም፣ አፈሩ ውስጥም ይሄዳል። ጀርባው ኮረብታውን የተደገፈ ክፍል ውኃ መከላከያው ካልተሠራለት ያንን ሁሉ ይጠጣል። የታችኛው ቤት የ4,000 ብሩ ቅናሽ ከዚህ የመጣ እንዳይሆን በሚከተለው መንገድ እዪው።

ወደ ጀርባው ግድግዳ ሂጂ። ቁም ሳጥን ወይም አልጋ ከተደገፈበት አስነሺ። ከዞኮሎው፣ ማለትም ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ እዪ፦ ቀለሙ እንደ አረፋ ተነፍቷል? በጣት ሲነካ ነጭ ዱቄት ይለቃል? ያ ጨው ነው፤ እርጥበቱ ከግድግዳው ሲወጣ ይዞት የመጣው። በጣት አንጓ እያንኳኳሽ ዙሪ። ደህና ልስን ደረቅ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይሰማል። ከሁሉም የሚያጠራጥረው የታችኛው ግማሽ ብቻ አዲስ ተቀብቶ የላይኛው አሮጌ ሲሆን ነው። እንዲህ ዓይነት ቀለም የሚቀባው ለማሳመር ሳይሆን ለመሸፈን ነው።

አከራዩ አንድ ቀን ከፈቀዱልሽ ቁርጥ ያለ ምርመራ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊው። ከ24 ሰዓት በኋላ ጤዛው በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከኮረብታው ነው፤ ቀለም አያድነውም። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን የእንፋሎትና የአየር ማጣት ነው፤ መስኮት በመክፈት ይቃለላል። ልጅ ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ በዚህ ነገር ላይ አትደራደሩ፤ ሻጋታ የሳንባ ጠላት ነው።

ከውጭ በሕንፃውና በድጋፍ ግንቡ መካከል ሰው የሚያልፍበት ክፍተት አለ? ከሥሩስ የተከፈተ ቦይ አለ? ክፍተት ካለ ቤቱ ከኮረብታው ተለይቷል፣ ጥሩ ነው። አፈሩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ከተደለደለ ግን ችግሩ ዘላቂ ነው። የድጋፍ ግንቡ ላይ ውሃ ማስተንፈሻ ቱቦዎች በየሁለት ሜትሩ ገደማ መታየት አለባቸው። በሣርና በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ ግንቡን ይገፋዋል። ከጎን ቆመሽ በአንድ ዓይን እይው፤ ግንቡ መሃል ላይ ሆድ ካወጣ ወይም አግድም ስንጥቅ ካለው፣ ከሥሩ ላለ መኝታ ቤት አትክፈዪ።

ሌላ ብዙዎች የሚዘሉት ማንሆሉ ነው። ታችኛው ቤት የሕንፃው ዝቅተኛ ነጥብ ስለሆነ ዋናው መስመር ሲደፈን የስምንቱም ቤት ፍሳሽ የሚወጣው በእሱ ሽንት ቤት ነው። የማንሆሉ ክዳን ከታችኛው ቤት ወለል ዝቅ ብሎ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ቢደፈን ውጭ ይፈስሳል፣ ቤት ውስጥ አይገባም። ሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለና የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው ቱቦ እስከዚያ መድረሱንም ጠይቂ።

የላይኛው ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ሶሌታ፣ ማለትም ከላዩ ያለው የኮንክሪት ንጣፍ፤ ውሃ ሊያስገባ ይችላል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት፣ በተለይ ከሮቶው ሥርና ከአሸንዳው ጥግ፣ ፈልጊ።

ቤት ፈላጊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሁለቱንም አየን። ታችኛው፦ መኝታ ቤቱ እስከ ወገብ አዲስ ቀለም ነው፤ ቁም ሳጥኑን ስናስነሳው ከኋላው ነጭ ዱቄት ነበር፣ ክፍሉም ይሸታል። ከግንቡ ጋር ክፍተት የለውም። ላይኛው፦ ደረቅ ነው፣ ኮርኒሱም ንጹህ። ባልዲው ግን 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። መሬት ላይ 10,000 ሊትር የሲሚንቶ ታንከርና ፓምፕ አለ፤ የሚስበው ከታንከሩ ነው። ፓምፑ ላይ አንድ የተለየ የመብራት መስመር አየሁ፣ የማን ቆጣሪ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። መብራቱን በተመለከተስ ምን ልይ?

ብሬከር፦

ቆጣሪ የጋራ ሲሆን ችግሩ መጨቃጨቁ ብቻ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ተነስቶ ከ500 በላይ እስከሚደርስ ድረስ በሰባት እርከን እየጨመረ ይሄዳል። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ 150 ቢጠቀም ለየብቻ ሦስተኛው እርከን ላይ ይቆሙ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ግን ድምሩ 600 ስለሆነ የመጨረሻው እርከን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የውስጥ ቆጣሪ መኖሩን እይ፤ ከሌለ ክፍያው በምን እንደሚከፋፈል፣ በሰው ቁጥር ይሁን በቤት፣ በጽሑፍ ይሁን። የፓምፑ መስመር ከማን ቆጣሪ እንደወጣ ለማወቅ ፓምፑ እየሠራ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አጥፋ፤ የቆመበት እሱ ነው።

ምጣድ ካላችሁ ይህን አትዝለሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ተራ ሶኬት ላይ ከተሰካ ብሬከሩ ይጥላል፤ ወይም፣ ከዚያ የባሰው፣ ሳይጥል ሶኬቱ ይቀልጣል። ኩሽናው ውስጥ ለምጣድ ብቻ በ4 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድና በ25 አምፔር ብሬከር የተዘረጋ መስመር መኖር አለበት። የሶኬቱን ክዳን ተመልከት፤ ጥግ ጥጉ ከጠቆረ ወይም ከተጣመመ የቀድሞው ተከራይ እዚያ ላይ ጋግሯል።

ዳገት ላይ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ የመስመሩ ጫፍ ላይ ስለሚሆኑ ኃይል ይወርዳል። ቴስተር ይዘህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ለካው፤ ሁሉም እራት የሚያበስልበት ሰዓት ነው። 180 ቮልት ካነበብህ የ3,500 ዋቱ ምጣድ የሚሰጥህ 2,350 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ፍሪጁም ሞተሩን ይጎዳል። ለፍሪጁ ስታቢላይዘር ይበቃል፤ ለምጣዱ ግን መፍትሔ የለውም፣ የምትጋግርበትን ሰዓት ከመቀየር በቀር።

ቤት ፈላጊ፦

ብሬከር፣ እህት ነኝ፤ ግን ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን ሐሳባችን ወደ ላይኛው አዘንብሏል፤ የእናቴ ደረጃ ግን ያሳስበኛል።

ሰፈርተኛ፦

እህቴ፣ ይህን ከጥርጣሬ ወደ ቁጥር አምጪው። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ቢሆን በ17 ሴንቲሜትር ደረጃ 17 ወይም 18 እርምጃ ነው። ሦስት ፎቅ 53 ገደማ። ወደ ታችኛው ቤት መውረድ 18 ነው። የጉልበት ሰው ግን ይበልጥ የሚያመው መውረዱ ስለሆነ፣ "ታች ነው ይቀላታል" የሚለው ግምት አያስኬድም፤ ከታችኛው ቤት ለመውጣትም ያው 18ቱን መውጣት አለባት። የእጅ መደገፊያው በሁለቱም በኩል መኖሩን፣ ደረጃዎቹ እኩል መሆናቸውን አረጋግጪ። እኩል ያልሆነ አንድ ደረጃ ከሃምሳው ሁሉ ይብሳል። ከታክሲ መጨረሻው እስከ በሩ ያለውን አቀበት ደግሞ አንድ ጊዜ እናትሽን ይዘሽ፣ የገበያ ዘንቢል አንጠልጥለሽ ውጪው። ባጃጅ እስከ በሩ የሚወጣ መሆኑንና በዝናብ ቀን እንቢ የሚል መሆኑን እዚያው ያሉትን ሾፌሮች ጠይቂ።

ከግንበኛው በአንድ ነገር ልለይ። እሱ ስለ ታችኛው ቤት ፍሳሽና እርጥበት ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ የላይኛውን ግን በሶሌታው ብቻ አይቶ አለፈው። ከእንጦጦ ሥር ባለ ሰፈር ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ብርቱ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ከላይ ሌላ ቤት ስለሌለው ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ምሥራቅ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ለእናትሽ ያንን ክፍል ምረጪላት። መስኮቱን ዘግተሽ ዳር ዳሩን በእርጥብ እጅ ዳብሺ፣ ነፋስ የሚገባበት ይታወቅሻል፤ በሲሊኮን የሚደፈን ነው።

ዕቃ የምታስገቡበትን ቀን በተመለከተ፦ ትልቅ አይሱዙ በዚያ መንገድ ቢወጣም አይዞርም። በፒካፕ ሁለት ሦስት ዙር አስቡ። የፍሪጁንና የሶፋውን ስፋት ለክታችሁ ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ለኩ፤ ኤል ሼፕ ሶፋ ተፈታትቶ ካልሆነ ብዙ ጊዜ አያልፍም። የማውረጃና የማስወጫ ዋጋውን መኪናው ከመምጣቱ በፊት፣ "እስከ መጨረሻው ፎቅ" ተብሎ፣ ተነጋገሩ። መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ ለተከራይ ይከፋል።

ውል ጸሐፊ፦

አሁን ወደ ወረቀቱ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ የሦስት ወሩ ጥያቄ ከሕግ ውጭ ነው፤ በትሕትና ግን በግልጽ ንገሯቸው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚደረገው በወረዳው ነው። የውል ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪም አከራዩ በፈለጉት ጊዜና መጠን ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መሠረት ነው።

አንዳንድ አከራዮች ለግብር ብለው "ወረዳ የሚገባው ውል ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ" ይላሉ። አትስማሙ። በእጅ የተከፈለው ማስረጃ የለውም፤ ክርክር ቢነሣ ሕግ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው።

ከፊርማ በፊት የቤቱን ካርታና የባለቤቱን መታወቂያ ስም አስተያዩ። ባለቤቱ ውጭ አገር ያሉ ከሆነና የሚያከራየው ወኪል ከሆነ፣ ውክልናው "ለማከራየትና ኪራይ ለመቀበል" የሚል ቃል በግልጽ ሊኖረው ይገባል። ለማስተዳደር ብቻ የሚል ውክልና ያጨቃጭቃል። ኪራዩም የሚገባው በውሉ ላይ በተጻፈው ሒሳብ ነው፤ በደላላው ሒሳብ አይሁን። ቁልፍ የምትረከቡ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩንም ርክክቡ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቤት ፈላጊ፦

አከራዩ የሁለት ወሩን ተቀበሉ። የላይኛው ቤት ውሃ ደካማ መሆኑን ስንነግራቸው "ፕሬዠር ፓምፕ አስገባለሁ" አሉ፤ ከገባችሁ በኋላ ነው ግን። ምን ይሻላል?

የቧንቧ ሰው፦

ከመግባታችሁ በፊት ይሁን። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፦ ከሮቶው ወደ እናንተ ቤት የሚወርደው መስመር ላይ ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ፣ ከፊቱና ከኋላው መዝጊያ፣ ለጎን ደግሞ ፓምፑ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ ውሃው በራሱ የሚወርድበት ማለፊያ ቧንቧ። ይህን ማለፊያ ብዙዎች ለመቆጠብ ይዘሉታል፤ ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ያለው ጭላጭ ውሃም ይቆማል። ፓምፑ ከሮቶው ሥር ይቀመጥ፣ ዝናብ እንዳይነካው ይከለል፣ ሮቶው ሲደርቅ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ይሁን። ሲያልቅ በዚያው ባልዲ ለኩት፤ አንድ ደቂቃ መድረስ አለበት።

ውል ጸሐፊ፦

ውሉ ላይም ይህን አስገቡ፦ "አከራይ ቁልፍ ከማስረከባቸው በፊት በራሳቸው ወጪ የግፊት ፓምፕ ከማለፊያ መስመር ጋር ያስገጥማሉ፤ በርክክቡ ቀን ከገላ መታጠቢያው የሚወርደው ውሃ 10 ሊትር ባልዲ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሙላት አለበት። ኪራይ መታሰብ የሚጀምረው ይህ በሁለቱ ወገኖች ፊት ተለክቶ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው። የፓምፑ ጥገና የአከራይ ነው። የጋራ ፓምፑ የመብራት ወጪ ለስምንቱ ቤቶች እኩል ይከፈላል።"